ድል ስናገኝ እንዴት እንደሰት?

ሰው የሚፈተነው በሽንፈት ብቻ አይደለም፤ በድልም ይፈተናል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሣ ጎንደር በእልልታና በጭፈራ ደመቀች። በዚያ ዓመት ጨዋታዎቹ የተካሄዱት በሌሎች ከተሞች ስለ ነበር፣ አብዛኛው ሰው ድሉን ያየው በቴሌቪዥን ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም «አሸነፍን!» አለ።

ኳስ ያልነካ ሰው «አሸነፍን» ማለት ይገባዋልን? ይገባዋል፤ ነገር ግን ቃሉ ዕዳ አለበት። በ2011 ዓ.ም. ዋንጫው በአንድ ነጥብ ብቻ አምልጦን መቐለ 70 እንደርታ ሲወስደው፣ «ተሸነፍን» ያልን ስንቶቻችን ነን? «ተሸነፉ» ያልንስ? በድል ጊዜ «እኛ»፣ በሽንፈት ጊዜ «እነርሱ» የሚል ሰው ፍቅሩ ከዋንጫው ጋር እንጂ ከልጆቹ ጋር አይደለም።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. ያ በአንድ ነጥብ የቀደመን ቡድን በሊጉ አልነበረም፤ በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ክለቦች አልተወዳደሩም። ይህ የፋሲልን ልፋት አያሳንሰውም፤ የቀሩትን ሁሉ ተፎካክሮ በላቡ ያገኘው ዋንጫ ነው። ነገር ግን ተጋጣሚ ከሌለ ጨዋታ የለም፤ ጨዋታ ከሌለም ድል የለም። እንግዲያስ ተጋጣሚያችን ለድላችን ባለውለታ እንጂ ጠላት አይደለም።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ድል ስናገኝ እልል እንበል፤ ደስታ ነውር አይደለም። ግን የተሸነፈውን ሳንሰድብ፣ ከሜዳው የጎደለውንም ሳንረሳ ይሁን።