«ልጄ ጨዋ ናት» ማለት ይበቃልን?

ሐያእ በእምነታችን ያለውን ቦታ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለመሆኑ ሐያእ እያልን የምንጠራው ሁሉ ሐያእ ነውን? ወይስ አንዳንዱ ቸልተኝነታችን የሐያእን ልብስ ለብሶ ነው የሚዞረው?

ይህን ያስነሣብኝ የማኅፀን በር ካንሰር ነው። በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው ይኸው በሽታ ሲሆን፣ በየዓመቱ ከ5 ሺህ የሚበልጡ እናቶችና እህቶች እንደሚሞቱበት ይገመታል። እኛ ግን ስሙን አንጠራውም። ደሴ ላይ ለታመመች እናት ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ሲደረግ «ሆዷን ያማታል» ተብሎ ይታለፋል። (የወዳጃው ሸሪዓዊ ብይን የዛሬ ርዕሴ አይደለም።) ስሙ ላልተጠራ በሽታ ደግሞ መከላከያ የሚፈልግለት የለም።

መከላከያው ግን አለ። ኢትዮጵያ በ2011 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባቱን መስጠት ጀምራለች፤ በኅዳር 2017 በተጀመረው ዘመቻም ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን በአንድ መርፌ ለማዳረስ ታቅዷል። ስለዚሁ ክትባት ሸዋ በር አካባቢ ሻይ ስንጠጣ አንድ ወዳጄ፣ «የኔ ልጅ ጨዋ ናት፤ ክትባቱ ለሷ ምን ያደርግላታል?» አለኝ። ብዙ አባቶች በልባቸው የያዙትን ነው የተናገረው።

እስቲ እናስበው። በሽታውን የሚያመጣው ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ይህን ያሳዩት ጀርመናዊው ሐራልድ ዙር ሐውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ ሐላልና ሐራሙን ግን አይለይም። አንድ ሰው ሚስቱ ሞተችበት ወይም በፍቺ ተለያዩ እንበል። ቀጥሎ አንዲት ልጃገረድ በወሊዋ ፈቃድ፣ መህር ሰጥቶ፣ በኒካሕ አገባ። ማንም ወንጀል አልሠራም። ሰውየው ግን ሳያውቀው ቫይረሱን ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ምልክት የለውማ! ከ15 ወይም 20 ዓመት በኋላ ሚስቲቱ ያለ ወር አበባዋ ደም ሊፈሳት ይችላል። ታዲያ ይህች ሴት በምን ጥፋቷ ነው የምታፍረው?

እንግዲህ ይህን በሽታ የዝሙት ምስክር አድርጎ ማየት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ንጹሓን ሴቶችን ያለ ማስረጃ መጠርጠር ነው። ሸሪዓችን በንጹሕ ሴት ላይ የዝሙት ቃል የሚወረውረውን ሰው እንዴት አጥብቆ እንደሚቀጣ እናውቃለን። ወዳጄም ስለ ልጁ ጨዋነት እውነቱን ነው። ግን ገና ላላየው አማቹም ዋስ ሊሆን ነውን?

«ክትባቱ ያመክናል» የሚሉም አሉ። በውስጡ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም፤ የቫይረሱን ሽፋን የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው፤ ማኅፀንንም አያመክንም። ለልጁ ፈርቶ የጠየቀን አባት አልወቅሰውም። ጥያቄውን ይዞ ወደሚያውቅ ሰው ሳይሄድ ልጁን ቤት የሚያስቀረው ግን ጥንቃቄ አደረገ ለማለት ይከብደኛል።

ክትባቱ ያመለጣቸውስ? በ2009 በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሥራ የገቡት የመጀመሪያዎቹ ወጣት ሴቶች የ14 ዓመቱ ክትባት ሲጀመር ዕድሜያቸው አልፎ ነበር። ለእነሱና ለእናቶቻቸው የቀረው ምርመራው ነው። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል፤ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ያለ እህቶች ደግሞ ቀደም ብለው ሊጀምሩ ይገባል። ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር በአቼቶ ውስጥ ያለው ዓይነት ቀጭን አሲድ ታስነካዋለች፤ የተበላሸ ቦታ ካለ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይነጣል። ገና ካንሰር ካልሆነ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት በዚያው ቀን ሊወገድ ይችላል። ከዘገየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ የደሴዋ ታማሚ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ወረፋ ትጠብቅ ነበር።

በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ ሁላችንም አንብተናል። ክፍት ሲሆንስ ስንቶቻችን ሚስቶቻችንን «ሂጂ ተመርመሪ» ብለን የትራንስፖርት ሰጠን?

«ወንድ ሐኪም አያያትም» የሚለው ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ሴት ባለሙያ መጠየቅ መብቷም ነው። ቤት መቅረት ግን የቅሬታው መልስ አይደለም። የአንሷር ሴቶች ስለ ወር አበባ ትጥበት ሳይቀር ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በቀጥታ ይጠይቁ እንደነበር በሐዲስ ኪታቦች ተመዝግቧል፤ በሐያእ ግን ከእኛ አያንሱም።

የደሴና የኮምቦልቻ መስጊድ ኮሚቴዎች ለግንባታ መዋጮ ሲያሰባስቡ ድምፅ ማጉያው አይደክምም። ሴት ባለሙያ የምትገኝበትን ቀን ከጤና ጣቢያው ጠይቆ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ለባሎችና ለአባቶች ማስነገር ስንት ብር ያስወጣ ይሆን?