መብት ወይስ ምጽዋት?

የአንድ ሰው መብት በሌላው መልካም ፈቃድ ሊወሰን ይገባዋልን? የስዊዘርላንድ ወንዶች፣ ሴቶች በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ይስጡ ዘንድ ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ከለከሉ፤ በ1971 ፈቀዱ። የአፔንዜል ኢነርሮደን ካንቶን ወንዶች ግን በ1990 እንኳ አደባባይ ተሰብስበው የካንቶናቸውን ሴቶች ድምፅ ነፈጉ፤ በዚያው ዓመት የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሻረባቸው። ባለጥቅሙ በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሆኖ ነበርና!

በእኛም አገር፣ በ1955 የወጣው ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥ መብት ቢሰጥም፣ የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ የበላይ አደረገው፤ ይህም በፌዴራል ደረጃ የተሻረው በ2000 ነው። በአደባባይ መራጭ፣ በጓዳ ታዛዥ!

እንግዲህ የሴት እኩልነት በወንድ ችሮታ የሚሰፈር ምጽዋት አይደለም። ሰጪው ባሻው ጊዜ የሚነሳው ነገር መብት ሊባል አይችልምና።