ሳይቃጠል በቅጠል

በገጠር የሰደድ እሳት ሲነሣ ሰው ቅጠላም ቅርንጫፍ ዘንጥፎ ይሮጣል። ነበልባሉ ገና ከሣሩ ላይ ሳለ እየመቱ ያጠፉታል፤ ዛፉን ከያዘ በኋላ ግን ቅጠሉ ራሱ ማገዶ ነው። ቤተ ክርስቲያን ኃጢአትን በሐልዮ (በማሰብ)፣ በነቢብ (በመናገር)፣ በገቢር (በማድረግ) ብላ ስትቆጥር ሐልዮን ያስቀደመችው ያለ ምክንያት አይደለምና ተረቱ ለሐሳብም ይሠራል።

እስቲ በቃየን እንፈትነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 4ን ያነበበ ሰው ቃየን ሳይነገረው እንዳልገደለ ያውቃል። ፊቱ የጠቆረው እጁን ከማንሣቱ በፊት ነበር፤ እግዚአብሔርም ያን ጊዜ ኃጢአት በደጁ እንደምታደባ፣ ሊነግሥባት እንደሚገባው ነገረው። ጊዜም ቅጠልም ነበረው። ታዲያ ለምን አላጠፋውም? መጽሐፉ አይነግረንም። እኔ ግን በቂመኞች ኑሮ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ ቂም ይጣፍጣል። የተበደለ ሰው የተባለውን ቃል ሌሊቱን ሙሉ ያመላልሳል፣ ያኔ ያጣውን መልስ አሁን ያገኛል፣ በልቡ ሙግት ሁልጊዜ ረቺው እሱ ነው። እንዲህ ያለውን እሳት ሰው የማያጠፋው ሳያየው ቀርቶ አይደለም፤ እየሞቀው ነው።

በሌላ ወገን እሳቱን ከልክ በላይ የሚፈሩ አሉ። በቅዳሴ መካከል ያልጠሩት የስድብ ወይም የዝሙት ሐሳብ ብልጭ ሲልባቸው «ረከስሁ» ብለው ከቍርባን ይሸሻሉ። እነዚህን ማጽናናት ይገባል። ሐሳብ መምጣቱ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ጌታም በገዳመ ቆሮንቶስ ተፈትኗል። ሦስቱንም ፈተና በኦሪት ዘዳግም ቃል መለሰ እንጂ ድርድር አልገባም። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪዮስ ይህንኑ ተከትሎ ለስምንት ክፉ ሐሳቦች መልስ የሚሆኑ ቃላትን ከቅዱሳት መጻሕፍት ሰብስቦ ጽፏል። «አላስብም» እያሉ ከሐሳብ ጋር መታገል ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል፤ የቅዱስ ቃል መልስ ግን ልብን ወደ ሌላ ይመልሳል።

የበረሃ አባቶች ከዚህም አልፈው ሐሳብን ገና ሐሳብ ሳለ ለመንፈሳዊ አባት ይገልጡ ነበር። ይህ ልማድ በእኛ ዘንድ መመናመኑ ያሳዝነኛል። ብዙዎቻችን የንስሐ አባታችንን የምንፈልገው ትዳር ከፈረሰ፣ ወንድማማች በርስት ከተካሰሰ በኋላ ነው። «አባቴ፣ እስካሁን ምንም አላደረግሁም፤ ግን ወንድሜን ባሰብሁ ቍጥር እንቅልፍ አጣለሁ» ብሎ የሚመጣ የንስሐ ልጅ ብርቅ ነው። ካህናቱም ልጆቻቸውን ሲጎበኙ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ ጠይቀው ከመነሣታቸው በፊት፣ በልባቸው የሚመላለሰውን ቢጠይቁልን እወዳለሁ።