ዲፓርትመንት ከመሙላታችሁ በፊት

የፍሬሽማን ውጤት ወጥቶ ዲፓርትመንት የመሙያው ሰሞን በደረሰ ቁጥር ወደኔ የሚመጡ ልጆች ጥያቄያቸው አንድ ነው። «በቀጥታ ሕክምና ልግባ ወይስ መጀመሪያ ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ ተምሬ፣ ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ ልሞክረው?» እናትና አባት አብረው ከመጡ ደግሞ ጥያቄው ያጥርና «የትኛው ይፈጥናል?» ይሆናል። ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በሆስፒታልና በማስተማሪያ ክፍል ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የማምነውን ከነምክንያቱ ልንገራችሁ። ወላጆቻችሁም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ሐኪም መሆን እንደምትፈልጉ ካወቃችሁ በቀጥታ ግቡ። ገና ካላወቃችሁ ሳይንሱን ተማሩ። ስትማሩት ግን ለራሱ ብላችሁ ተማሩት፤ የሕክምና ተራ እስኪደርስ የሚቀመጡበት መጠበቂያ አዳራሽ አታድርጉት። ብዙ ጎበዝ ልጆች ሲባክኑ ያየሁት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ሁለቱም መንገዶች በዓለም ላይ የቆዩና የተከበሩ ናቸው። በእንግሊዝና በጀርመን አብዛኛው ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ ሕክምና ይገባና አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይማራል። አሜሪካ ሌላውን መንገድ ያዘች። የባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1893 ሲከፈት የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለውን አልቀበልም አለ። በዚያን ዘመን በአገሩ የነበሩት ብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የከፈለውን ሁሉ የሚያስገቡ፣ ላቦራቶሪ ቢኖራቸው ለስም ያህል፣ ተማሪው ከታማሚ ጋር ሳይገናኝ የሚመረቅባቸው ነበሩ። አብርሃም ፍሌክስነር የሚባል የትምህርት ሰው የአሜሪካንና የካናዳን 155 ትምህርት ቤቶች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1910 ያየውን ሳይሸፍን ጻፈ። ከዚያ በኋላ ደካሞቹ ብዙዎቹ ተዘጉ፤ ቀድሞ ኮሌጅ መማርም እየዋለ እያደረ ደንብ ሆነ። አሜሪካ ዲግሪ የምታስቀድመው እንግዲህ በዚያን ጊዜ የነበረባትን ችግር ስትፈታ ነው። የለንደኑ ሐኪም በቀጥታ ስለገባ ከኒውዮርኩ ያንሳል የሚል የሙያ ባልደረባ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የእኛም አገር ምሩቅ ትምህርት ቤቱ ዕውቅና ያለው እስከሆነ ድረስ ወደ አሜሪካ የሚያስገባውን የሐኪሞች ፈተና ሲቀመጥ «የባዮሎጂ ዲግሪህ የታለ?» አይባልም። ስለዚህ በክብር ረገድ የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ ከአሁኑ ተዉት።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። በአገራችን ፍሬሽማን ከተመለሰበት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በቀጥታ የሚገባ ልጅ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ፒሲ ዋን፣ ማለትም የቅድመ ክሊኒክ አንደኛ ዓመት፣ ይገባል። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ ይጀመራል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ ካዳቨር፣ ማለትም የማስተማሪያ አስከሬን፣ ፊት ይቆማል። ከፒሲ ቱ በኋላ የክሊኒክ ዓመቶቹ ሲ ዋንና ሲ ቱ ይመጣሉ፤ ያኔ ትምህርቱ ዋርድ ውስጥ ነው። ሂስትሪ መውሰድ፣ ራውንድ ላይ በሲኒየር ፊት መጠየቅ፣ አለማወቅን በሰው ፊት መናገር አለ። ከዚያ ኢንተርንነት። የዲዩቲ ሌሊት ላይ የልጇን ማረፍ ለእናቲቱ የሚነግራት ብዙ ጊዜ ገና ሃያ አምስት ያልሞላው ኢንተርን ነው። መጽሐፉን በቃሉ የሸመደደ ልጅ እዚያ ቦታ ላይ ቃል ሲያጣ አይቻለሁ። በማትሪክ መካከለኛ የነበረች ልጅ ደግሞ ወንበር ስባ፣ ከእናቲቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ እጇን ይዛ፣ መናገር ያለባትን በቀስታ ስትናገር አይቻለሁ።

«ሐኪም መሆን እንደምትፈልጉ ካወቃችሁ» ያልኩት ይህን ነው። ባዮሎጂ መውደድ በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ ባዮሎጂ የሚወድ ሰው የሚሠራው ብዙ ሥራ አለ። ውጤትማ ጭራሽ ማስረጃ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል ከላይ ያለው ሁሉ ሕክምና እንዲገባ ቤተሰብም ሰፈርም ይገፋዋል፤ ገና ሳይመዘገብ «ዶክተር» እያሉ ይጠሩታል። አገሪቱ ግን የውኃ መሐንዲስም፣ የአፈር ተመራማሪም፣ የሒሳብ መምህርም ትፈልጋለች። ከፍተኛ ውጤት ብዙ በር ይከፍታል፤ የትኛው በር የእናንተ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። የታመመ ሰው ጠረን፣ የታማሚ ቤተሰብ ቁጣ፣ ያንኑ ጥያቄ በቀን ሠላሳ ጊዜ መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ እያለ ነገም ልመለስ የሚል ልብ አላችሁ ወይ? ጥያቄው እሱ ነው። አላችሁ እንበል። እንግዲያው ሦስትና አራት ዓመት የሚያስጠብቃችሁ ምክንያት አይታየኝም፤ ግቡ። ከኢንተርንነት በኋላም ስፔሻሊስት ለመሆን ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት ይጠብቃችኋል። ወጪ መጋራቱም አለ፤ የሚጦሩ ወላጆችና የሚያስተምሯቸው ታናናሾች ያሏችሁም ብዙ ናችሁ።

ሴቶች ልጆቼ ይህን ለብቻችሁ ስሙኝ። «ሕክምና ረጅም ነው፣ ትዳርሽ ይዘገያል፣ አጭር ነገር ተማሪ» የሚላችሁ ዘመድ አይጠፋም። አባባሉ ከፍቅር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሕይወታችሁን አትመሩበት። በትምህርት ላይ እያሉ ያገቡ፣ የወለዱ፣ ስፔሻላይዝ ያደረጉ ሴት ሐኪሞች በየሆስፒታላችን ሞልተዋል። ቀላል እንዳልነበረ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ጠይቋቸው።

አሁን ወደ ሌላው መንገድ ልምጣ። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ከቀጥታው ባጠረ ጊዜ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ ፕሮግራም አስጀምሮ ነበር። በዚያ በኩል ከገቡት ውስጥ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ነበሩ። እነሱን የማስተማር ዕድል ያገኘ መምህር ልዩነቱን በሳምንት ውስጥ ያየዋል። ገጠር ጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት የሠራ ጤና መኮንን ስለ ወባ ስታወሩት የሚያስበው በክረምት ማግስት ደጁ ላይ የተሰለፉትን ሰዎች ነው። ጤና መኮንንነት ራሱ ትልቅ ታሪክ ያለው ሙያ መሆኑንም አትርሱ። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ደምብያ ቆላድባ ላይ ወባ ሕዝቡን ከፈጀ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሐኪም ባልነበረበት አገር ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው አብረው ወረዳ ለወረዳ እንዲሠሩ ነበር የሚሠለጥኑት። ይህ ሙያ ሐኪም ለመሆን መሸጋገሪያ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቅር ይለኛል።

መጠበቂያ አዳራሽ ካልኩት ላይ ጉዳቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ሕክምና ሳይደርሰው ይቀርና «ግድ የለም፣ ባዮሎጂ ልግባና በኋላ እቀይራለሁ» ይላል። ልቡ እዚያ ስለሌለ ክፍል ይቀራል፤ ላቦራቶሪውን ለይስሙላ ይሠራል፤ ጂፒኤው ይወርዳል። ሲመረቅ በዲግሪ ላይ የሚቀበለው የሕክምና በር ጠባብ ሆኖ ያገኘዋል። ተቀባዩ በየዓመቱ ያንኑ ያህል ቦታ አይከፍትም፤ ያለው ቦታ ደግሞ ጥሩ ውጤት ላለው ነው። ሕክምናም አልሆነ፣ ባዮሎጂውም አልተያዘ። ያንን በር መሞከራችሁን አልቃወምም። የምላችሁ በሩ ባይከፈትም የማታዝኑበትን ዲግሪ ምረጡ ነው።

ሳይንስ ለራሱ ሲማሩት የት እንደሚያደርስ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ያሳዩናል። ሐኪም አልነበሩም። የጥገኛ ተውሳክ ተመራማሪ ነበሩ፤ ጆንስ ሆፕኪንስ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ፤ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ደግሞ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የዕድገቱን አንድ ደረጃ በቀንድ አውጣ ውስጥ መጨረስ አለበት። ቀንድ አውጣው ከሞተ መተላለፊያው ይቆረጣል። እንዶድን ስንቱ ትውልድ ልብስ አጥቦበታል! የሞተውን ቀንድ አውጣ አይቶ ለምን ብሎ ለመጠየቅ ግን በሳይንስ የተገራ ዓይን አስፈለገ። አክሊሉ የእንዶድን ጉዳይ ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ተከታተሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአክሊሉ ስም የሚጠራ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። እኔ ክሊኒክ ተቀምጬ የቢልሃርዝያ ታማሚን አንድ በአንድ አክማለሁ፤ እሳቸው በሽታውን ወንዙ ላይ ለመቁረጥ አሰቡ። ማን ይበልጣል ብላችሁ አትጠይቁ። የትኛው ሥራ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳችሁ ግን ራሳችሁን ጠይቁ።

በውጭ አገር ያላችሁ ልጆች ምርጫችሁ ትንሽ ይለያል። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሚኒያፖሊስ ያደገች ልጅ በአብዛኛው ዲግሪ ማስቀደሟ ግድ ነው፤ ኤምካት የሚባለውን ፈተናም ትወስዳለች። ለሕክምና የሚጠየቁትን የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ኮርሶች እስከወሰደች ድረስ ዋና ትምህርቷ ታሪክም ሒሳብም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ወላጆች ብዙ ጊዜ አያውቁትም። በካንሳስ ሲቲ ስድስት ዓመት፣ በኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ሰባት ዓመት የሚፈጁ ዲግሪውንና ሕክምናውን ያጣመሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ የሚገቡት ግን ጥቂቶች ናቸው። በአሜሪካ በአንድ ዓመት ለሕክምና ካመለከቱት ግማሽ ያህሉ እንኳ አይገቡም። በሩ ባይከፈትም የማታዝኑበትን ዲግሪ ምረጡ ያልኩት እዚያ ይበልጥ ይሠራል። በእስራኤል ደግሞ ስድስት ዓመቱም፣ ዲግሪ ላላቸው የተከፈተው አራት ዓመቱም አለ። ከውትድርና ተመልሶ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ራሱን ከእኛ ፍሬሽማን በተሻለ ያውቃልና ዕድሜዬ ሄደ ብሎ አይደንግጥ።

አንድ የሚያስከፋ እውነት ልጨምር፤ መደበቅ አይገባኝም። ሕክምና እንደ ድሮው በምረቃ ማግስት ሥራ የሚያስይዝ ሙያ አይደለም። ተመርቀው ምደባ የጠበቁ ወጣት ሐኪሞች አሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። እናንተ ግን ቤተሰብን ከድህነት በፍጥነት ለማውጣት ብቻ ብላችሁ ከገባችሁ መንገዱ መሃል ላይ ትመረራላችሁ፤ ምሬቱም ታማሚው ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት የምለምናችሁ ሥራ አለ። የምታውቁት ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ አስታማሚ ሆናችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። ማታ ዋርዱ ምን እንደሚመስል እዩ። ከዲዩቲ የወጣ ኢንተርን ፈልጋችሁ ቡና ጋብዙትና ያለፈውን ሳምንት ከሰኞ እስከ እሑድ እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ ሕክምና ጥሩ ነው ወይ ብላችሁ ግን አትጠይቁት። ከዚያ ፎርሙን ስትሞሉ ሁለተኛውን ምርጫ በእንዝላልነት አትጻፉት። ሕክምና የሚባል ትምህርት በዓለም ላይ ባይኖር ኖሮ ምን እማር ነበር ብላችሁ አስቡና የሚመጣላችሁን እዚያ አስፍሩ። ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ባዮሎጂ፣ ምንም ይሁን፤ ከመጻፋችሁ በፊት የዚያን ዲፓርትመንት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አግኝታችሁ አንድ ቀን ክፍሉም ላቦራቶሪውም ድረስ ተከተሉት።