በጉለሌ አጥርና በአፍደም ግራር መካከል

ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ በሚወስደው አሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ አፍደም አንዷ ጣቢያ ነበረች። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመስኮት የሚመለከተው መንገደኛ ተራራውን፣ አቧራውንና የግራሩን ዘርዛራ ጥላ አይቶ «ባዶ ምድር» ብሎ አልፎ ይሆናል። ሶማሌው አርብቶ አደር ግን የግራሩን ወገን ሁሉ በአንድ ስም አይጠራም፤ ጋሎል ሌላ፣ ቁራዕ ሌላ ነው። ከጋሎል ልጥ ገመድና ምንጣፍ ይወጣል። ከሥሩ ደግሞ በግመል ተጭኖ የሚጓዘው ቤት፣ የአቃል፣ ጎባጣ ማገሮች ይበጃሉ። ያን ቤት የምትተክለውም የምትነቅለውም ሴቲቱ ናት።

እንግዲህ እጽዋትን መጠበቅ ሲባል የሚጠበቀው ምንድን ነው? ዛፉ ብቻ ነው ወይስ ዛፉን የሚያውቀውና በዛፉ የሚኖረው ሰው ጭምር?

ጥያቄው ከአፍደም ርቆ፣ በደጋው ላይ፣ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ሥራ ሲሆን ከ700 ሔክታር በላይ ይሸፍናል። ባሕር ዛፍ በወረሰው ተረተር ላይ ጽድን፣ ኮሶን፣ ወይራንና ዝግባን መመለስ ከዓላማዎቹ አንዱ ነው። ዓላማው የከበረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ድረስ የተደከመበት የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት መዝገብ ወደ 6000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል፤ ከእነዚህም ከአሥሩ አንዱ ያህል በሌላ አገር አይገኝም። ይህን ሀብት ቸል የሚል ትውልድ በልጆቹ ፊት ይጠየቃል።

ሆኖም ባሕር ዛፍም ውለታ አለው። በምኒልክ ዘመን ማገዶ ጠፍቶ ዋና ከተማዪቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ በተደረሰ ጊዜ ከተማዪቱን በቦታዋ ያቆየው እርሱ ነው። ከዚያም ወዲህ በእንጦጦ ቁልቁለት ከቁመቷ የሚበልጥ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደውን ሴት ያኖራት እርሱ ነው። ጽዱ ሲመለስ ለምድሪቱ ፍትሕ ሆነ፤ ለሴቲቱስ ምን ሆነ? «የነገው ምንጭ ከዛሬው ማገዶ ይበልጣል» የሚል ሙግት ይነሣል። ሙግቱ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው፤ በተለይ ምሳውን በልቶ የተነሣ ሰው ሲናገረው።

ሌላም ነገር አለ። የደጋው ብርድ ለቆላው ግራር አይስማማም። የአገር የእጽዋት ማኅደር በተራራ ላይ ብቻ ከቆመ ቆላው ከአጥሩ ውጭ ይቀራል ማለት ነው። ውጭ ሲቀር የሚደርስበትንም በአዋሽ ሸለቆ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በረሃማነትን እንዲገታ ተብሎ የተተከለው፣ ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ፕሮሶፒስ፣ ዛሬ በአፋርና በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የግጦሹን መሬት በእሾሁ ዘግቶታል። ፍየሉ ፍሬውን ይበላል፤ ዘሩንም በየሄደበት ይጥላል። ያመጡት ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም፤ አረንጓዴ ነገር ያጣ ምድር አዩና አዘኑለት። ያዩበት ዓይን ግን የባቡሩ መንገደኛ ዓይን ነበር። ለባዶ ምድር ምንም ቢተክሉለት ትርፍ ነው፤ ባዶ ካልሆነ ግን አስቀድሞ ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል።

ታዲያ በአፍደም ተራራ ግርጌ አንድ ቀን የእጽዋት ሥፍራ ይከለል ቢባል፣ በሰሌዳው ላይ ከላቲኑ ስም በፊት የሶማሊኛው ይጻፍ። የትኛው ጋሎል በዚህ ዓመት ልጡ እንደሚላጥ፣ የትኛው እንደሚያርፍ፣ አቃል የምትሠራዋ እናት ትናገር፤ የሥነ እጽዋት ሊቁም አጠገቧ ቆሞ ይጻፍ። በሩ ላይ ዘበኛ መቆሙ የግድ ከሆነም፣ ገመድ ልትገምድ ስትመጣ በስሟ የሚያውቃት ይሁን።