ሥራው ምንድን ነው?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለመጻፍ ስድስት ዓመት ያመነታሁበት ነው። እህቴን አስፈቅጄ ነው ብዕሬን ያነሳሁት። «ስሜን እስካልጠራህ ድረስ ጻፈው፤ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል» ብላኛለች።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ረመዷን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መርካቶ ውስጥ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። እኛን አራት ልጆቹን ያሳደገችው፣ እኔንም ዩኒቨርሲቲ ያስገባችኝ ያቺ በእግር የምትረገጥ ሲንጀር መኪናው ናት። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቡና ከጠጡ በኋላ የመጡበትን ተናገሩ። ልጁን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሱብሒን በጀማዓ ከሚሰግዱት ጥቂት የሰፈራችን ወጣቶች አንዱ ነበር። አይቅምም፣ አያጨስም፣ እናቱን ይጦራል። የአባቴ ፊት ፈካ አለ። ይህን ጊዜ እናቴ «ሥራው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሽንት ቤት የሚመጥጠው መኪና ላይ ረዳት ነው» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ከቤተሰቡ ዲግሪ ያለኝ እኔ ብቻ በመሆኔ ቃሌ ከሚገባው በላይ ይሰማል። ያን ቀን ያልኩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ልጁስ ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ሰው ምን ይላል?» አልኩ። በቃ ይኸው ነው። አንድ የቁርኣን አንቀጽ አልጠቀስኩም፤ አንድ ሐዲስ አላነሳሁም። ሽማግሌዎቹ «እንግዲህ አላህ ኸይሩን ያምጣው» ብለው ተነሡ። በር ላይ ጫማቸውን ሲያደርጉ፣ እህቴ ጓዳ ውስጥ የቡና ሲኒ ስታጥብ ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

በዓመቱ የግቢያችን ሽንት ቤት ሞላ። ስምንት አባወራ የሚጋራው ነው። የመምጠጫው መኪና ወረፋ ስለነበረበት አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። እነዚያን ቀናት በዝርዝር አልገልጻቸውም፤ በእንዲህ ያለ ግቢ የኖረ ያውቃቸዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ያ ጋዜጠኛ ልጅ የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ጎረቤት አልነበረም። «መኪናው መቼ ይመጣል?» የሚለው ግን ጠዋትም ማታም ይጠየቃል። በመጨረሻ ሲመጣ ልጆቹ የሙሽራ መኪና የገባ ይመስል እየጮኹ ተቀበሉት። ቱቦውን የያዘው እሱ አልነበረም፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ለጽሑፌ ይመቸኝ ነበር። ሌላ ሰው ነው። ሥራውን ጨርሶ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ለመነ። ከጎረቤቶቻችን አንዷ በፕላስቲክ ጆግ አቀበለችው። ታጥቦ ሲመልስላት በሁለት ጣቷ ይዛ፣ እሱ እያየ፣ ጆጉን ከቆሻሻው ላይ ወረወረችው። ሰውየው ምንም አላለም። የለመደው ይመስላል።

ጠሃራ የኢማን እኩሌታ መሆኑን በኹጥባ ስንት ጊዜ ሰምተናል? ውዱእ የምናደርግበት፣ ነጃሳ የምንጠነቀቅበት እኛው ነን። ጠሃራችን በጉድጓዱ ተውጦ በነበረ ጊዜ የመለሰልን ግን ያ ሰው ነው። እጁን ያስታጠብንበትን ጆግ ጣልንበት።

በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት በዚህ ሐዲስ ዘጋቢው ሴት ትሁን ወጣት ወንድ ተጠራጥሯል፤ የብዙዎቹ አነጋገር ግን ሴት መሆኗን ያመለክታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባጧት ጊዜ ስለ እርሷ ጠየቁ። መሞቷ ተነገራቸው። ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም ብለው ሶሓቦቹን ወቀሱ። ሶሓቦቹ ጉዳይዋን አቃለው አይተውት ኖሯል። መቃብሯን አሳዩኝ አሉ፤ ሄደውም ሰገዱባት። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ያቃለሉት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ነው። ከዚያ ትውልድ የተሻለ ትውልድ የለም። እነርሱም እንኳ መጥረጊያ የያዘችን ሴት ሞት ለነብዩ የሚነገር ጉዳይ አድርገው አላዩትም። በሽታው የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ዳዉድ (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር፣ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጺ እንደነበሩ፣ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በመካ በግ በክፍያ እንደጠበቁ አንባቢ ያውቃል፤ አልደግመውም። ብዙ የማይነገረው የእናታችን የዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ሙያ ነው። የነብዩ የአክስት ልጅ፣ የምእመናን እናት ናቸው። ቆዳ እያለፉ፣ እየሰፉ፣ ያገኙትን ሰደቃ ይሰጡ ነበር። እኛ አገር ቆዳ የሚያለፋ ሰው ስሙ «ፋቂ» ነው፤ ቃሉንም ለስድብ እንጠቀምበታለን።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ የሚከራከረኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም እኔም ራሴን እንዲህ ስከራከር ከርሜያለሁ። ዑለማዎች በኒካሕ ጉዳይ «ከፋኣ» የሚሉት ነገር የለም ወይ? የሐጃም፣ ማለትም የዋግምት አውጪ፣ ገቢ መጥፎ መሆኑ በሐዲስ አልመጣም ወይ? መጥቷል። ሙስሊም ዘግበውታል። ነገር ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በአቡ ጠይባ እጅ ዋግምት አስወጥተው አንድ ቁና ተምር እንዲሰጠው ማዘዛቸውንም ቡኻሪ ዘግበዋል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሐራም ቢሆን ኖሮ ባልከፈሉት ነበር ብለዋል። አብዛኞቹ ዑለማም ከሐራም አላደረሱትም።

የከፋኣውን ነገር ይዤ ወደ አንድ የማከብራቸው ኡስታዝ ሄድኩ። የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ ገለጡና አነበቡልኝ። በየደረሳው የሚቀራው ይህ ኪታብ ጠራጊው፣ ሐጃሙ፣ ዘበኛው፣ እረኛውና የሐማም ሠራተኛው ለልብስ ሰፊ ልጅ አቻ እንደማይሆኑ፣ ልብስ ሰፊውም ለነጋዴ ልጅ አቻ እንደማይሆን ይዘረዝራል። ለልብስ ሰፊ ልጅ! የአባቴን ሙያ በስሙ ጠርቶታል። እውነቱን ልናገርና ለአፍታ ደስ አለኝ። «እንግዲያው ጥፋት የለብኝም ማለት ነው?» አልኳቸው።

ኡስታዙ ኪታቡን ሳይዘጉ «ያን ቀን ይህን አንብበህ ነበር?» አሉኝ።

«አላነበብኩም።»

«እንግዲያው ዛሬ ምስክር አታድርገው» አሉኝ። ቀጥለውም አስረዱኝ። ከፋኣ የሴቲቱና የወሊዩ መብት ነው፤ ከወደዱ ይተዉታል፤ ኒካሑም ይጸናል። የሙያ ዝርዝሩ የየአገሩን ልማድ የተከተለ ነው፤ ሴቲቱ በልማድ እንዳትዋረድ ለመጠበቅ የተነገረ እንጂ የሰውን ልክ በአላህ ዘንድ የሚመዝን አይደለም። ኢማም ማሊክ ደግሞ ከፋኣን በዋናነት በዲን ነው የለኩት። ኡስታዙ የአቡ ሂንድንም ነገር አነሱልኝ። አቡ ሂንድ ሐጃም ነበር፤ ለረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ዋግምት ያወጣላቸው ነበር። አቡ ዳዉድ እንደዘገቡት የበያዳን ጎሳ እንዲድሩለት፣ ከእርሱም ወገን እንዲያገቡ አዘዋቸዋል።

በመጨረሻ «እህትህስ ምን አለች?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። እህቴን የጠየቃት ሰው አልነበረም። የልጃገረድ ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት በቡኻሪም በሙስሊምም የተዘገበ ነገር ነው። እኛ «ሰው ምን ይላል» ብለን ሰውን ሁሉ ስናስብ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሲኒ የምታጥበውን አንዲት ሰው ዘለልናት። በኋላ ጠየቅኳት። እህቴ ዛሬ ባለትዳር ናት፤ ባሏ ባለሱቅ ነው፤ አልሐምዱሊላህ በሰላም ይኖራሉ። «ያኔ ብትጠይቀኝ መልስ ነበረኝ። አሁን ግን የሰው ሚስት ነኝና መልሱን አልነግርህም» አለችኝ።

ይህ ንቀት ከዲን ካልመጣ ከየት መጣ? ከኖርንበት ነው የመጣው። የሚያሳዝነው እኛ ሙስሊሞች የንቀቱን ጅራፍ ቀድመን የቀመስን መሆናችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 ጎንደር ላይ ዐጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ በጠሩት ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ተወሰነ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ርስት የተከለከለው ሙስሊም መሬት አጥቶ ሸማና ንግድ ያዘ፤ በያዘው ሙያ ደግሞ ተናቀበት። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ይህ ጠባሳ አልተነሣም። ገበሬው ማረሻውን የሚሠራለትን ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ይለዋል፤ ማታ የሚበላበትን ገል የሠራችለትን ሴት ይሸሻታል። ነገሩ ከመብዛቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸዋል። ሸማኔ ተብለው የተሰደቡት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ልጃቸውን ለጠራጊ አንሰጥም ይላሉ። ያ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልጠቆምኩም።

በየቤታችን ያለውን ሌላ ነገርም ልንካ። እህቶቻችን ዐረብ አገር የሰው ቤት እየጠረጉ በሚልኩት ብር ስንቱ ቤት ቆርቆሮ ለውጧል፤ ስንቱ ወንድም ተምሯል። «እህትህ ምን ትሠራለች?» ስንባል ግን «ጅዳ ናት» እንላለን። የከተማ ስም ሥራ ሆኖ አያውቅም። ብሩን ወደን ሥራውን አፈርንበት።

የማይረባ ሥራ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ። አራጣ የሚያበድር፣ ኸምር የሚሸጥ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭቶ የሚቀላቅል ሰው ሥራው ከንቱ ነው፤ በመኪና ቢሄድም፣ ለመስጊድ ምንጣፍ ቢገዛም። ለእነዚህ ግን ልጅ ስንድር «ሥራው ምንድን ነው?» ብለን አጥብቀን ስንጠይቅ አላየሁም፤ «ነጋዴ ነው» ከተባለ ይበቃናል። የእኔም ሙያ ቢሆን ያላጣሩትን ወሬ ማተም ከተጀመረበት የሽንት ቤት ጉድጓድ ከሚያጸዳ ሥራ ጋር ለመወዳደር አፍ የለውም። ያኛው ቆሻሻ ያወጣል፤ ይህኛው ያስገባል።

ሰውየው አሁንም ሰፈራችን ነው። አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዷል። መስጊድ በር ላይ በተገናኘን ቁጥር ሰላምታ የሚቀድመኝ እሱ ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ቀድሜው አላውቅም። ባለፈው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ቆሜ ጠበቅኩት። ትልቁን ልጁን በእጁ ይዞ ወጣ። አሁንም ሰላምታውን ቀደመኝ።

«ወንድሜ፣ አፉ በለኝ» አልኩት።

«በምን?» አለኝ።

ነገርኩት። ያን እሑድ አባቴ ወደ እኔ እንደዞረና እኔ ምን እንዳልኩ፣ አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኩት። ልጁ እጁን ይጎትተዋል። ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና፣ «ሽማግሌዎቹ አባትህ እምቢ አሉ ነበር ያሉኝ» አለኝ። ከዚያ ሰዓቱን አየ፤ ከሰዓት በኋላ ተረኛ ነበር። ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ አስፋልቱ ወረደ።