ጾም ወይስ ረሃብ? የታዳሽ ኃይል ንጽጽር ከቆቃ ሲታይ

አገሮች በታዳሽ ኃይል፣ ማለትም ከውኃ፣ ከነፋስ፣ ከፀሐይ፣ ከከርሰ ምድር እንፋሎትና ከዕፅዋት በሚገኝና በተፈጥሮ ዑደት በሚተካ ኃይል አጠቃቀም ሲነጻጸሩ፣ ዘወትር የሚቀርበው መለኪያ ታዳሹ ከጠቅላላ ፍጆታቸው የሚይዘው ድርሻ ነው። በዚህ መለኪያ ኢትዮጵያ ዴንማርክንና ጀርመንን ትበልጣለች፤ ኤሌክትሪኳ ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ የሚመነጭ ሲሆን፣ ከጠቅላላ የኃይል ፍጆታዋም ከአሥር እጅ ዘጠኝ ያህሉ ታዳሽ ተብሎ ይመዘገባል። የኋለኛው አኃዝ በአመዛኙ ከማገዶ እንጨት፣ ከከሰልና ከኩበት የተገኘ መሆኑ ሲታወቅ ግን ጉዳዩ ከምሕንድስና ወደ ሥነ ምግባር ይሸጋገራል፤ አማራጭ ያልነበረው ሕዝብ ብዙ ነዳጅ አለማቃጠሉ በጎ ምግባር ሆኖ ሊቆጠርለት ይገባልን?

ለዚህ ጥያቄ ጾም ምሳሌ ይሆናል፤ በአገሪቱ ሁለት ታላላቅ ሃይማኖቶች ዘንድ ጾምን ከረሃብ የሚለየው ፈቃድ ነው፤ እስልምና ይህን በልብ የሚያዝ ቁርጥ ሐሳብ ኒያ ይለዋል፤ በክርስትናውም የሚበላ አጥቶ የዋለ ሰው ተራበ እንጂ ጾመ አይባልም። ሚዛኑ ለሀብታሞቹም አያደላም። ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውኃ የምታመነጨው ኖርዌይ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ለውጭ ገበያ ታቀርባለች፤ ራሷ እየጾመች ሥጋ ቤቷን ግን አልዘጋችም ማለት ነው።

ቆቃ ላይ ሲደረስ ክርክሩ መልኩን ይለውጣል። ጣሊያን ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሣ በአዋሽ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ያህል የማመንጨት አቅም የተሰጠው ሲሆን፣ የሕዳሴ ግድብ አንድ ተርባይን ብቻውን ዛሬ የዚህን ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ያመነጫል። አዳማ አጠገብ በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያዎች በ2004 እና በ2007 ዓ.ም. ተሠርተው የተጠናቀቁት የነፋስ ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው፤ ዋነኛ ጥቅማቸውም በበጋ፣ የግድቦቹ ውኃ ሲቀንስ፣ ነፋሱ የሚበረታ መሆኑ ነው። የእነዚህ ማመንጫዎች ቴክኖሎጂ የሌሎች መሆኑ እምብዛም አያሳፍርም፤ ከዚያ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው በቆቃ ግድብ ወለል ላይ የሚከማቸው ደለል፣ ማለትም ጎርፍ ከደጋው ጠርጎ የሚያወርደው አፈር ነው። መብራት ያልደረሰው ገጠር፣ ደርሶትም በምጣድ ለመጋገር አቅም የሌለው ቤተሰብ፣ እንጨት ይለቅማል፣ ከሰል ያከስላል፤ ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው አስፋልት ዳር በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ፣ አፉ በቅጠል ተወትፎ የሚሸጠው ከሰል የዚሁ ኑሮ ምልክት ነው። በላይኛው ተፋሰስ ዛፉ ሲመነጠር፣ እርሻውም ተዳፋቱን ሲወጣ፣ የአዋሽና የሞጆ ወንዞች አፈሩን ተሸክመው ቆቃ ሐይቅ ውስጥ ይጥሉታል፤ በዚህም ግድቡ ውኃ የሚይዝበትን ቦታ በየዓመቱ ያጣል። አገሮችን የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ አዘጋጅ ማገዶውንና ግድቡን በአንድ የታዳሽ ዓምድ ሥር ይደምራል፤ በተፋሰሱ ውስጥ ግን አንዱ ሌላውን ይበላል። ስለዚህ እንጨቱን የጽድቅ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ድህነትን ማሞገስ ብቻ ሳይሆን፣ ግድቡን የሚጎዳውን ነገር ከግድቡ ጋር ማመስገን ይሆናል።

ይህ ማለት ግን ከችግር የተነሣ ሥራ ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዴንማርክ ወደ ነፋስ ፊቷን ያዞረችው እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ካሻቀበ በኋላ ነበር፤ ፈቃዷ የታየው ዋጋው ወርዶ፣ ከሰሜን ባሕርም የራሷን ዘይት እያወጣች፣ ተርባይን መትከሉን ባለማቆሟ ነው። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስትከለክል ዋነኛው ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ውሳኔው የችግር ይሁን የፈቃድ የሚለየውም ምንዛሪው በተትረፈረፈ ጊዜ ክልከላው ጸንቶ መቆየት አለመቆየቱ ነው።